ሩጫው በኪዳነ ምሕረት ደጅ ሲያልፍ

እግሬ ቤት አይወድም። ልጅ ሳለሁ ከብት ስከተል፣ ኋላ ባል አግብቼ ከወንዝ ውኃ ስቀዳ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ደጅ ስሳለም፣ ዘመኔ ያለቀው መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ነአኩቶ ለአብ ውዬ ከጣሪያው ጠብ የሚለውን ጠበል እጠጣለሁ፤ ሰንበት ሲያልፍ ይምርሐነ ክርስቶስ እወጣለሁ፤ ደግሞ ወደ ላሊበላ እመለሳለሁ። ቆብ ሳልጭን ሰው ሁሉ እማሆይ ይለኛል። "ኧረ እኔ አልመነኮስኩም" ስል "ይሁን እማሆይ" ብለው ያልፋሉ። አሁንማ ተውኩት።

የልጄን ልጅ ያሳደግኳትም እንዲሁ በመንገድ ነው። እናቷ ስታርፍ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። አዝዬ ዞርኩ። ከጀርባዬ ስትወርድ ቀሚሴን ይዛ ዞረች። ቀሚሴን ስትለቅ ደግሞ እየቀደመችኝ መሮጥ ጀመረች። እስከ መታጠፊያው ትሮጥና ወደኔ ትመለሳለች። "እማ፣ ከዚያ ወዲያ ወንዝ አለ!" ትለኛለች፤ እናቷ ሳትወለድ የማውቀውን ወንዝ። "ወይ ጉድ! ውኃ አለው?" እላታለሁ። "ቆይ ልይልሽ" ትልና ደግሞ ትበራለች። እኔ መንገዱን አንድ ጊዜ ስሄደው እሷ ስትሄድና ስትመለስ ደጋግማ ትረግጠው ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስትደርስ ግን አትመለስም። ያስተማርኳት ሕግ እሱን ነው፤ ደጅ ሲደረስ ይቆማል፣ ይሰገዳል፣ የቀደመ የዘገየውን ይጠብቃል። ሰግዳ፣ በሩን ተሳልማ፣ ፊቷን ወደመጣሁበት አዙራ ትቆማለች። እኔም ስደርስ እሰግዳለሁ። ከዚያ አብረን እንቀጥላለን። እንዲህ ስንል አደገች።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች፤ ውጤቱ ግን አልመጣላትም። ከአንድ ሆቴል አንሶላ ለማጠብ ገባች። እንግዳ ሲጠፋ አንሶላውም ሳይቆሽሽ ከረመ፤ "ስንፈልግሽ እንጠራሻለን" ብለው አሰናበቷት። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ ከቀበሌው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ሰው ከቦት አየን። እሷ ተሽሎክልካ ከፊት ገባች፤ እኔም በዘንጌ እየገፋሁ ተከተልኩ።

ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት እሷ ስትማር ከጎኗ ተቀምጬ ነው። እሷ እየሮጠች ታነባለች፤ እኔ በጣቴ እየዳበስኩ እከተላለሁ። ያን ቀንም እንደዚያው ሆነ። የውትድርና ምልመላ ነው። ዕድሜ ይላል፣ ቁመት ይላል፣ ክብደት ይላል፣ ያላገባች፣ ያልወለደች፣ ጤናዋ የተሟላ ይላል። እሷ አንብባ ጨርሳ ቆማለች። የኔ ጣት "የአካል ብቃት" ከሚለው ላይ ደርሶ ቆመ።

"ይኼ ምንድነው?" አልኳት።

"ሩጫ ነው እማ። ስፖርት። ፈተና አለው።"

"ሩጫማ ታውቂያለሽ" አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ዞራ አየችኝ፤ ዓይኗ አብርቷል። ሂጂ ያልኳት መስሏታል።

ጎረቤታችን በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ሲቀመጡ እግራቸው በር ተዘግቶ የሚጣል መወርወሪያ ይመስላል። ወሬውን ሲሰሙ ሹመት የተሰጣቸው ያህል ደስ አላቸው። ጠዋት ጠዋት ከግቢያችን መጥተው ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ያዝዟታል።

"ፑሻፕ አልኩሽ እንጂ ስገጂ አልኩሽ?" ይሏታል። "ደረትሽ ጡጫዬን ይንካ! ያልነካ አይቆጠርም። እዚያ ያሉት እንደኔ አይራሩም።"

"እርስዎ ራርተው ነው?" ትላለች መሬት ላይ ተዘርግታ።

"እኔማ እናትሽ ነኝ!"

ሕጉን ሁሉ የሰማሁት ከሳቸው ነው። ቁመት ሲለካ ሹሩባ ይፈታል፤ በፀጉር ቁመት የለም። እግር ይታያል፤ ውስጡ የተኛ ከሆነ ረጅም መንገድ አይችልም ይባላል። ጥርስ ይታያል፣ ዓይን ይታያል። ሚዛን ላይም ይወጣል። "ይቺን ልጅ ሚዛኑ ነፋስ ነሽ ብሎ ይመልሳታል" ብለው አስፈሩኝ። እኔ የአጃ ገንፎ ማገንፋት ጀመርኩ። ረቡዕና ዓርብ በተልባ፣ በሌላው ቀን በቅቤ። እሷ ስትበላ እኔ እጇን አያለሁ። በልጅነቷ ወደ መሶብ ትዘረጋ የነበረችው ትንሽ እጅ መቼ እንዲህ እንደሰፋች አላየሁም።

ሲት አፕ የሚሉት ላይ እግሯን የምይዝላት እኔ ነበርኩ። በጀርባዋ ትተኛለች፣ ጉልበቷን ታጥፋለች፣ እኔ ቁርጭምጭሚቷን እጫናለሁ። ስትነሣ ፊቷ ከፊቴ ይደርሳል፤ ትንፋሿ ይሞቀኛል፤ ከዚያ ተመልሳ ትሄዳለች። ደግሞ ትመጣለች። ሽማግሌው ይቆጥራሉ። እኔ አልቆጥርም። በመጣች ቁጥር ትንሽ ብትቆይ እያልኩ ነበር።

"ሩጫው ላይ ስሚኝ" አሏት አንድ ቀን። "ፊሽካ ሲነፋ ትነሻለሽ። ከመስመር አትወጪም። ሰው አትይዢም፣ ሰውም አይይዝሽም። ከዳር ሆኖ አብሮ የሚሮጥልሽ፣ የሚጠራሽም አይኖርም፤ ከተገኘ ትሰረዢያለሽ። ርቀቱ በሰዓት ነው። የቆመ ወደቀ፣ አለቀ።"

"ውኃ ቢጠማትስ አያ?" አልኩ።

"ትዋጠው።"

"ምኑን?"

"ጥማቱን ነዋ እትዬ!"

ሩጫውን ግን የተለማመደችው ከኔው ጋር ነው፣ በለመድነው መንገድ። ይምርሐነ ክርስቶስ ስወጣ እንደ ልጅነቷ ትቀድመኛለች፤ እስከ መታጠፊያው ሄዳ ትመለሳለች። አሁን ስለ ወንዙ አትነግረኝም፤ እያለከለከች "ስንት ደቂቃ ሆነኝ መሰለሽ?" ነው የምትለው። ደጅ ስትደርስ ትሰግዳለች፤ ዞራ ትጠብቀኛለች። ያን ሰሞን ከዋሻው ገብተን ተሳለምንና ከኋላ ካሉት አፅሞች አጠገብ ቆምን። ከሩቅ አገር ሊሳለሙ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው ይባላል። ሕፃን ሳለች እነሱን አይታ "እማ፣ ቤታቸው አይጠብቃቸውም?" ብላኝ ነበር። ያኔ ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ያን ቀን እሷ አልጠየቀችም፤ እኔ ነኝ ስጠይቅ የዋልኩት፤ በሆዴ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ከከተማው ዳር ያለው ሜዳ ወጣት በወጣት ሆነ። እኛ ሽማግሎችና እናቶች ከወይራው ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ ወደ መስመሩ መጠጋት አይቻልም። ሹሩባዋን ፈትታ ስትለካ አየሁ። ሚዛኑ ላይ ወጥታ ስትወርድ ወደኛ ዞራ ሆዷን መታ መታ አደረገች፤ ገንፎው ነው ማለቷ ነው። እናቶቹ ሳቁ። ፑሻፑን አለፈች። ሲት አፑ ላይ አንዲት የማላውቃት ልጅ እግሯን ያዘችላት። እጄ ከጭኔ ላይ ተነሥቶ አየር ይጫን ነበር።

ሩጫው ከሜዳው ይነሣል፤ በአስፋልቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ በኪዳነ ምሕረት ደጅ ያልፍና ኮረብታውን ዞሮ ይመለሳል። እኔ ካለሁበት ደጁ አይታይም። ፊሽካ ተነፋ። ከፊት ሆና ስትወርድ አየኋት፤ እንደ ሚዳቋ ነች፣ ማንም አልደረሰባትም። ልቤ "በቃ፣ ሄደች" አለኝ።

ከኮረብታው ዞረው መምጣት ሲጀምሩ ግን ከፊት የለችም። ከመካከልም የለችም። ሰዓት የያዘው አሥር አለቃ እጁን ዝቅ ሲያደርግ እሷ ገና ዳገቱን ትወጣ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቆይታ ደረሰች። ሽማግሌው ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱት።

ነገሩን የነገረን ከደጁ መታጠፊያ የቆመው ወታደር ነው። እየሳቀ ለአሥር አለቃው ሲያወራ እኛም ሰማን።

"ሌሎቹ እየሮጡ አማትበው አለፉ። እሷ ቆመች። ግንባሯን መሬት አስነክታ ሰገደች። በሩን ሳመች። ይሁን ብዬ ሳያት ደግሞ ዞራ ወደመጣችበት ታያለች! 'ኧረ አንቺ ልጅ፣ ሩጪ፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?' ብላት 'እማን' አለችኝ።"

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። አሥር አለቃው አልሳቀም። ደግ ፊት ያለው ልጅ ነበር። "እህቴ፣ መሳለም ክልክል አይደለም" አላት። "ሰዓቱ ግን አይሳለምም።" ቀጥሎም ሌላውን ሁሉ አልፎ በሩጫ ብቻ የወደቀ፣ ምልመላው ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ሊደግም እንደሚችል፣ ሕጉ እንደዚያ እንደሆነ ነገራት። ቀኑንም ነገራት።

ወደ ቤት ስንመለስ አልቀደመችኝም። እንደ አሮጊት ከጎኔ ሆና እግሯን ትጎትታለች። መታጠፊያው ቢደርስም ከጎኔ ናት።

"እኔ አላቆምኩትም እማ" አለች። "እግሬ ነው የቆመው። ከቆመ በኋላ ደግሞ ዞሬ አየሁ። አንቺ የለሽም። ያኔ ነው የት እንዳለሁ ትዝ ያለኝ።"

ትንሽ እንደሄድን "እማ" አለች ደግሞ፤ "ኪዳነ ምሕረት አትሂጂ ብላኝ ይሆን?"

"አዎ" ብላት ይበቃ ነበር። እኔ የተናገርኩትን የምትጠራጠር ልጅ አይደለችም። "አዎ የኔ ዓለም፣ አቆመችሽ፣ ከኔ ጋር እንድትሆኚ ነው" ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ማታ ገንፎ እንበላለን፣ ሰንበት ሲያልፍ ይምርሐነ ክርስቶስ እንወጣለን። ቀና ብዬ አየኋት። አቧራ የጠጣ ፊቷ ላይ እንባው መንገድ አውጥቷል።

"ኪዳነ ምሕረትማ የራሷንም ልጅ ሂድ ያለች እናት ናት" አልኳት። "ያንቺን እግር ምን ብላ ትይዛለች? እግርሽ የያዘው እኔ ያስለመድኩሽን ነው።"

ማታውን ሽማግሌው መጡ። ንዴታቸው አልበረደም።

"ሳትሰግድ ትለፍ! አንድ ቀን ሳይሰገድ ቢታለፍ ምን ይመጣል?"

"ሳልሰግድ ማለፍ አልችልም" አለች እሷ። "እግሬ እንቢ ይላል። አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ቅሪያ! እዚሁ ከእትዬ ጋር ደብር ለደብር ስትዞሩ ትኖራላችሁ።"

"እኔ እሰግድላታለሁ" አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

"አንቱ፣ ለታመመ ይሰገድ የለ? ለሞተ ይሰገድ የለ? ለሚሮጥ ምን ከለከለ? ቀድሜ ከደጁ እቆማለሁ፤ ስታልፍ እኔ ስለሷ እሰግዳለሁ። እሷ ቀድማ እኔን ትጠብቅ የነበረው እኔ ከኋላ ስሆን ነው። አሁን እኔ ከፊት ከሆንኩ ማንን ትጠብቃለች?"

ሽማግሌው የማይታጠፈውን ጉልበታቸውን አሹት፤ አሰቡ። "በሕጉ ውስጥ ይኼን የሚከለክል አላየሁም" አሉ መጨረሻ ላይ። "ግን እንዳትጠሪያት። ዓይኗንም እንዳታዪ። ዓይንሽን ካየች አለቀላት።"

የድጋሚው ቀን ገና ጤዛው ሳይረግፍ ከኪዳነ ምሕረት ደጅ ነበርኩ። ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፋሁ፣ ዘንጌን ከቅጥሩ አስደገፍኩ። ያ ወታደር እዚያው መታጠፊያው ላይ ቆሟል።

"እማማ፣ ከመንገዱ ራቅ ይበሉ" አለኝ። "ከዳር ሆኖ ሯጭ መርዳት አይቻልም።"

"ማንን ረዳሁ? ለኪዳነ ምሕረት ነው የምሰግደው።"

"ሲሰግዱም ድምፅ አይሰማ እንግዲህ።"

"ጉልበቴ ካልጮኸ እኔ አልጮህም ልጄ።"

ፈገግ አለና ትቶኝ ዞረ። ማን እንደሆንኩ የገባው ይመስለኛል።

ፊሽካው ከላይ ከሜዳው ተሰማ። ቆይቶ የእግር ዳና መጣ። ብዙ እግር ነው፤ የሷን ግን ከመካከሉ ለየሁት። ስትሸሽና ስትመለስ ዘመኔን ሙሉ የሰማሁት ዳና ነው። ቀና ብዬ ላያት ፈለግኩ። አንገቴ ልዙር አለኝ። ባያት ደግሞ ትቆማለች። ማቆሙ በኔ እጅ ነበር፤ ዘወር ማለት ብቻ።

ተንበረከክኩ። ግንባሬን ከመሬቱ አደረግኩ። "በሷ ስም" አልኩ፤ "እሷ እየሮጠች ናት፣ እኔ ስለሷ።" ዳናው በመሬቱ በኩል ወደ ግንባሬ ገባ፤ ቀረበ፣ ከአጠገቤ ሆነ። ትንሽ የላላ መሰለኝ። እዚያው ትንፋሼን ያዝኩ፤ ግንባሬን ከአፈሩ አላነሣሁም። ከዚያ ዳናው ጠነከረ። አለፈ።

ጉልበቴን ይዤ ስነሣ ጀርባዋ ከመታጠፊያው ሲሰወር ደረስኩ። ቱታዋን ብቻ አየሁ። እዚያው ቆሜ መታጠፊያውን ሳይ ቆየሁ። በልጅነቷም፣ በኮረዳነቷም፣ ከዓይኔ የሰወራት መታጠፊያ ሁሉ መልሶ ሰጥቶኝ ነበር።

"እማማ" አለኝ ወታደሩ፣ "በደንብ ነው የሄደችው። አይዞዎት።"

በሩን ተሳለምኩና ወደ ሜዳው ዳገቱን ወጣሁ። ስደርስ ሽማግሌው ዘንጋቸውን እያወዛወዙ በአንድ እግራቸው ይዘላሉ። አልፋለች። እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ላቧ ፊቴን አራሰው። "አላየሁሽም እማ" አለችኝ። "ነጠላሽን ብቻ ነው ያየሁት። ሊቆም ነበር እኮ እግሬ። መሬት ላይ መሆንሽን ሳይ፣ በቃ ተሰግዷል አልኩና ሄድኩ።"

"እልል በይ እንጂ እትዬ!" አሉኝ ሽማግሌው። እልል አልኩ። ድምፄ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

የሄደችው በመኪና ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ተጭና። በመስኮት እጇን አወጣች። መኪና መታጠፊያ ላይ አይቆምም፤ አቧራው ብቻ ነው ተመልሶ የመጣው። በሶ ቋጥሬ ሰጥቻት ነበር፤ ከታች ትንሽ ጠበል በጠርሙስ አለበት። ጠርሙስ ይዞ መግባት ይፈቀድ አይፈቀድ ሽማግሌውን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

አሁንም እዞራለሁ። ነአኩቶ ለአብ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ላሊበላ። መንገዱ ግን ረዝሟል። ሰው "እማሆይ አርጅተው ነው" ይለኛል። እግሬ ደህና ነው። እሷ ስትሄድና ስትመለስ መንገዱን ትቆርጥልኝ ነበር፤ አሁን ሙሉውን ብቻዬን ነው የምሄደው። ወንዙ ጋ ስደርስ ውኃ ይኑረው አይኑረው የሚነግረኝ የለም፤ ራሴ ደርሼ አየዋለሁ። ደጅ ስደርስ ሁለት ጊዜ እሰግዳለሁ፤ ለራሴ አንድ፣ ለሷ አንድ። በመካከሉ ጉልበቴን አሳርፋለሁ። ከበሩ የሚቀመጡት ነዳያን "እማሆይ ረሱት፣ ሰግደዋል እኮ" ይሉኛል። "የሰው አደራ ነው" እላቸዋለሁ።

ስልክ በሽማግሌው በኩል ትደውላለች፤ እሳቸው እስኪጠግቡ ካወሩ በኋላ ለኔ ይሰጡኛል። በመጨረሻ የደወለች ጊዜ በማለዳ ዱብ ዱብ እንደሚሉ፣ ከመስመር የወጣ እንደሚቀጣ፣ እሷ ግን ከፊት እንደምትሆን ነገረችኝ። ከሚሮጡበት መንገድ ዳር ቤተ ክርስቲያን አለ አለች።

"ትቆሚያለሽ?" አልኳት።

"አልቆምም እማ።"

"ማን ይሰግድልሻል ታዲያ?"

"አንቺ ነሽ እንጂ። ማለዳ ነው የምናልፈው፣ ፀሐይ ስትወጣ።"

"አገሩ በየት በኩል ነው? ወዴት ዞሬ ልስገድ?"

ሳቀች። "እኔም አላውቀውም እማ። ከመጣሁ ጀምሮ ፀሐይዋ በማላውቀው በኩል ነው የምትወጣብኝ።" ከዚያ ከኋላዋ ፊሽካ ተነፋ፤ "መሄዴ ነው" አለች፤ ስልኩ ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስትወጣ ካለሁበት እቆማለሁ። ደጅ አጠገብ ካለሁ ለደጁ፤ ዳገት ላይ ከሆንኩ ዳገቱ ላይ፤ ገበሬ ጥማዱን ይዞ ቆሞ ያየኛል። ወዴት እንደምዞር ስለማላውቅ ፊቴን ወደፊት ወዳለው መታጠፊያ አደርጋለሁ። ግንባሬን ከመሬቱ አስነካለሁ፤ ዳናዋን እስክሰማም ትንሽ እቆያለሁ። አይሰማም፤ ሩቅ ነው። ከዚያ ጉልበቴን ይዤ እነሣለሁ፣ ዘንጌን አነሣለሁ፣ መንገዱንም እቀጥላለሁ።